ጋሽ ጎንጨትና ሰማያዊው ኩባያ

አንደበቱን እንደ አደራ ዕቃ ጠብቆ የሚኖር ሰው በአደባባይ ብዙ አይወራለትም፤ በፈጣሪው ዘንድ ግን የታወቀ ነው። ጋሽ ጎንጨት እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ቃል ከወዲያ ወዲህ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ከሰው ቃል ላይ ቀንሰው አላስቀሩም፤ ከራሳቸውም አልጨመሩም። ለወዳጅ ሲያጣፍጡ፣ ለጠላት ሲያመርሩ አልተገኙም። የተቀበሉትን እንደተቀበሉት አስረክበዋል።

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። «ጎንጨት» የሚለውን ያወጣላቸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከበር ጠባቂው አንሥቶ እስከ ሚኒስትሩ ድረስ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጎንጨት አስተርጓሚ ናቸው። በድርድር ጠረጴዛ መሐል ተቀምጠው የአንዱን ወገን ቃል ለሌላው ሲያደርሱ፣ ቃሉ ደህና ቃል እንደሆነ ወዲያው ይተረጉሙታል። ተናጋሪው ተቆጥቶ ሰው የሚያቆስል ነገር የተናገረ እንደሆነ ግን አይቸኩሉም። እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ይሰዳሉ፤ ውሃ ጎንጨት ይላሉ፤ ብርጭቆውን በቦታው ይመልሳሉ፤ ከዚያም ወደ ተናጋሪው ዞረው በዝግታ፣ «ይህን ልበል?» ብለው ይጠይቃሉ። «ይበሉ» ከተባሉ ይላሉ፤ ያለ ምንም ማለሳለስ፣ እንደ ወረደ። ነገር ግን ብዙዎቹ ተናጋሪዎች ያቺ ጎንጨት በምትፈጀው ጊዜ ውስጥ ከቁጣቸው በረድ ይሉና፣ «እስቲ ቆይ፣ እንዲህ በሉልኝ» ማለታቸው የተለመደ ነው።

ልማዱን አስበው የጀመሩት አይደለም። በወጣትነታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልልቅ ሰዎች መሐል የተቀመጡ ዕለት፣ ፍርሃት ጉሮሯቸውን አድርቆት ነበር። አንድ ጄኔራል ሌላውን ሲሰድብ ቃል አልወጣ ብሏቸው ውሃ ቢጠጡ፣ እሳቸው ጠጥተው እስኪጨርሱ ጄኔራሉ ስድቡን ትቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ጋሽ ጎንጨት ያን ቀን ፈጣሪ በፍርሃታቸው በኩል አንድ ነገር እንዳስተማራቸው ቆጠሩት። ፍርሃቱ ከለቀቃቸው በኋላም ውሃውን አልተዉትም።

በቤታቸው ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሳሎኑን መስኮት የሚጋርደው የስፌት መኪናቸው ነው። ጋሽ ጎንጨት «እሜቴ» ይሏቸዋል፤ ሰፈሩም ከእሳቸው ሰምቶ እንዲያው ይጠራቸዋል። እሜቴ የተቆጡ እንደሆነ የባላቸው እጅ ወደ ብርጭቆ ሲሄድ ያዩና፣ መርፌውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ቤት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ ሰምተኸኛል» ይላሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ጎንጨት ብርጭቆውን ይመልሱና፣ «ሰምቻለሁ እሜቴ» ብለው እጃቸውን ይሰጣሉ።

እግዚአብሔር ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የሰጣቸው አንዲት ሴት ልጅ ነው። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ናት። በጎረቤት አገር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር ሄደች፤ አባቷ መርቀው፣ እናቷ አኩርፈው ሸኟት። የሄደችበት ከተማ ከጊዜ በኋላ ተከበበ። መንገዱ ተዘጋ፤ መድኃኒት መግባት፣ ሰው መውጣት ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድርጅቱ የሳተላይት ስልክ ለአጭር ጊዜ ትደውላለች። እሜቴ ከስልኩ በፊት ፀጉራቸውን ያበጥራሉ፤ ልጃቸው የምታያቸው ያህል።

የጋሽ ጎንጨት መንግሥት ለጎረቤቱ እሳት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በድንበሩ ከተማ መጋዘን ከፍቶ ዱቄትና መድኃኒት አከማቸ፤ የጭነት መኪናዎችን አስጭኖ ሸራ አልብሶ አቆመ። መኪናዎቹ ግን ድልድዩን አልፈው ወደተከበበው ከተማ እንዲገቡ የሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች ወደ ዋናው ከተማ ጠራ፤ በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ አንዲት አምባሳደርም አደራዳሪ ሆነው ተሾሙ። አስተርጓሚነቱ ለጋሽ ጎንጨት ደረሰ።

ጋሽ ጎንጨት ሹመቱን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ወደ አምባሳደሯ ቢሮ ሄዱ። ልጃቸው በከተማው ውስጥ መሆኗን ነገሯቸው፤ ሌላ ሰው ቢፈለግ እንደማይከፉም ነገሯቸው። አምባሳደሯ ነገሩን ለሁለቱም ወገኖች ገለጡ። የጎረቤት አገሩን መንግሥት ልዑካን የሚመራው አንድ ኮሎኔል ነበር፤ የአማፅያኑን ደግሞ ቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር የነበረ፣ አሁንም ሁሉም «መምህሩ» የሚለው ሰው። በምንም የማይስማሙት ሁለቱ ሰዎች በዚህ ተስማሙ። ጋሽ ጎንጨት ይቀመጡ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኮሎኔሉና መምህሩ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አጥርቶ ያውቃል። በአንድ ገበያ ሸምተዋል፤ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ነገር ግን ደም ከፈሰሰ ወዲህ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከአፉ ላያወጣ፣ በሌላውም ቋንቋ የተነገረውን ሰማሁ ላይል ማለ። አንዱ ሲናገር ሌላው ጣራ ጣራ ያያል፤ ከዚያ ጋሽ ጎንጨት ሲተረጉሙለት ገና አሁን እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። የመስተንግዶ ሠራተኞቹ ይህን እያዩ በጓዳ ይስቁ ነበር። አምባሳደሯ ግን አልሳቁም። በመጀመሪያው ዕለት ደንብ አድርገው አጸኑት፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአስተርጓሚው አንደበት ያልተነገረ ቃል አልተነገረም አሉ።

እነሆ የጋሽ ጎንጨት ጎንጨት በዘመኗ ሁሉ እንደዚያን ጊዜ ሥራ አልበዛባትም። ስድብ ከአንዱ አፍ ወጥቶ፣ የሌላው ጆሮ ደርሶ፣ የተሰዳቢው ፊት ጠቁሮ፣ ገና «ያልተነገረ» ሆኖ በአየር ላይ ይቆማል፤ ጋሽ ጎንጨት ውሃቸውን ይጠጣሉ፤ «ይህን ልበል?» ይላሉ፤ ስድቡም ብዙ ጊዜ ወደመጣበት ይመለሳል።

እንዲህ እየተባለ ብዙው ነገር ተቃና። መኪናዎቹ እንዲገቡ፣ ቁስለኞችና ነፍሰ ጡሮች እንዲወጡ ሁለቱም እሺ አሉ። የቀረው አንድ ነገር ነበር። መኪናዎቹን ድልድዩ ላይ የሚፈትሽ ማን ነው? ኮሎኔሉ የእኔ ወታደሮች ይፈትሹ ይላል፤ መምህሩ ወታደሮችህ ወደ ድልድዩ ድርሽ አይሉም ይላል። አምባሳደሯ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይፈትሹ፣ የእኛ ታዛቢዎች ከመሐል ይቁሙ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ለዚህ ሐሳብ ማንም እሺ አላለም፤ ማንም እንቢ አላለም። ሳምንቱም እንዲሁ አለቀ።

ያን ቅዳሜ ልጅቷ ስትደውል ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እናቷ ደህንነቷን ቢጠይቋት ደህና ነኝ አለች። ጋሽ ጎንጨት ስልኩን ሲቀበሉ ግን እውነቱን ነገረቻቸው። ጓንት አልቋል፤ በባዶ እጅ ነው የምናዋልደው፤ ማደንዘዣ ከጠፋ ሰነባብቷል አለች። ከዚያ ቀልድ ቢጤ ጨመረችበት።

«አባዬ፣ ቶሎ ቶሎ አውራኝ። ስልኩ ውሃ መጠጫ ጊዜ አይሰጥም።»

ስልኩ ተዘጋ። እሜቴ ሁሉንም ከባላቸው ፊት ላይ አንብበው ነበር። ወደ ስፌታቸው ተመልሰው ጥቂት ሰፉ፤ መልሰው ፈቱት። ከዚያ ሳይቆጡ፣ እንደሚለማመጥ ሰው ሆነው ተናገሩ።

«አንዲት ቃል ብታለሳልስላቸው ምን ይቀርብሃል? ሰው ለስንት ነገር ይዋሻል። አንተ ለልጅህ አንዲት ቃል።»

ጋሽ ጎንጨት ይህን ጥያቄ ከራሳቸውም ልብ ሰምተውት ስለነበር አልተቆጡም። ወንበራቸውን ወደ ስፌት መኪናው አስጠግተው አስረዷቸው። ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እንደሚሰማ፣ እሳቸው አንዲት ቃል ቢያጣምሙ ሁለቱም ወዲያው እንደሚያውቁባቸው፣ ከዚያ ወዲያ የእሳቸው አንደበት የማንም እንደማይሆን፣ ያ ደንብም እንደሚፈርስ ነገሯቸው። በመጨረሻም፣ «እሜቴ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ የምጠቅማት የታመንኩ እንደሆነ ብቻ ነው» አሉ።

እሜቴ መርፌያቸውን አነሡ። ሰኞ ጠዋት ግን ባላቸው ኮታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ፣ ከቁም ሣጥኑ በላይ ካለው ካርቶን ውስጥ አንድ ዕቃ አውጥተው አጥበው አመጡ። ልጃቸው የነርስነት ትምህርት ቤት ሳለች ይዛው የኖረችው፣ እጀታው የተላላጠ ትልቅ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ነው።

«እንግዲያው» አሉ እሜቴ፣ ኩባያውን በእጃቸው እያስያዙ፣ «መዋሸት ካልቻልክ ረጅም ጠጣ።»

ጋሽ ጎንጨት ኩባያውን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ። በመሥሪያ ቤቱ በር የሚፈትሹት ጥበቃ ጋዜጣውን ገልጠው አዩና፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ባልዲውን ራሱን ይዘው መጡ?» አሏቸው። ጋሽ ጎንጨት የባለቤታቸው ትእዛዝ መሆኑን ነገሯቸው፤ ጥበቃውም ባለትዳር ስለሆኑ ከዚህ በላይ አልጠየቁም። አዳራሹ ውስጥ የመስተንግዶዋ ሴት ብርጭቆውን አንሥታ ኩባያውን እስከ አፉ ሞላችላቸው። ከብር ባንዲራ መያዣዎችና ከተወለወለው ጠረጴዛ መሐል ያ የተላላጠ ኩባያ እንግዳ መስሎ ተቀመጠ። ኮሎኔሉ አየው፤ መምህሩም አየው።

ጠዋቱ በደህና ጀመረ። አምባሳደሯ የድልድዩን ጉዳይ አነሡ። መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አብሮ መፈተሹ ያዘነበለ ንግግር ተናገረ፤ ነገር ግን በንግግሩ መሐል ቀደም ሲል የተላከ እህል በኮሎኔሉ ወታደሮች እጅ እንደጠፋ ጠቀሰ። ይህን ሲናገር አልተሳደበም፤ ጋሽ ጎንጨትም ሳይጠጡ ተረጎሙት። ኮሎኔሉ ግን ተነካ። ጠረጴዛውን ይዞ ወደፊት አጎነበሰና በቋንቋው እንዲህ አለ፤

«የዚህ ሰው ወንድም የሞተው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ነው። እሱም ከዚህ ድልድይ እንደዚያው ይሸሻል።»

መምህሩ አንድ ወንድም ብቻ ነበረው፤ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ነው የቀበረው። ይህን በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። መምህሩ ጣራውን ማየት አልቻለም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ያልሄደው ደንቡ ስለያዘው ብቻ ነበር። ቃሉ በጋሽ ጎንጨት አንደበት እስኪነገር ይጠብቃል፤ ከተነገረ በኋላ የሚቀረው በሩ ነው፤ በሩ ከተዘጋም መኪናዎቹ ሸራቸውን እንደለበሱ ይቀራሉ።

ጋሽ ጎንጨት ሰማያዊውን ኩባያ በሁለት እጃቸው አነሡ።

ሲጠጡ፣ ሳይጠሩት የመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር በልባቸው ተሰናድቶ ቆመ። «የመምህሩ ወንድም በዚህ ጦርነት መሞቱን ኮሎኔሉ ያስታውሳል» የሚል። ለስላሳ ነበር፤ ከእውነትም እጅግ የራቀ አይመስልም። የልጃቸው ባዶ እጅ በዓይናቸው ላይ ነበር። ኩባያው የእሷ ነው፤ ከንፈራቸውን ያሳረፉበት ጠርዝ የእሷ ከንፈር ያረፈበት ነው። ጋሽ ጎንጨት በልባቸው ወደ ፈጣሪያቸው፣ «ጌታዬ፣ ይህ ሰው "ይበሉ" ካለኝ እላለሁ፤ አንተ ግን እንዳይለኝ አድርግ» አሉ። ከዚህ በላይ ጸሎት አላገኙም።

ጠጡ። የጠጡትም ለማስመሰል አልነበረም፤ ማስመሰልም ውሸት ነውና በእውነት ጠጡ። የመስተንግዶዋ ሴት ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አምባሳደሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። የኩባያው ታች ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። ኮሎኔሉ መጀመሪያ መምህሩን በድፍረት ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ኩባያውን ማየት ጀመረ፤ ቀጥሎ የራሱን እጆች። ውሃው በዝቶ ጋሽ ጎንጨት አንዴ ትን ሊላቸው ምንም አልቀረው ነበር፤ ትንፋሽ ወስደው ቀጠሉ። ጠጥተው ጨርሰው ባዶውን ኩባያ ሲያስቀምጡ ቆርቆሮው በእንጨቱ ላይ የሰጠው ድምፅ ለሁሉም ተሰማ።

ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ። «ክቡር ኮሎኔል፣ ይህን ልበል?»

ኮሎኔሉ ራሱን ሳያነሣ፣ «አይበሉ» አለ። ቀጠለም። «ወንድሙን አውቀው ነበር በሉት። በአንድ ክፍል ተምረናል። ሲሸሽ አላየሁትም በሉት።»

ጋሽ ጎንጨት ይህን ያለ ውሃ ተረጎሙት። ድምፃቸው ጥቂት ተንቀጠቀጠ፤ እንዲንቀጠቀጥ ግን ፈቃዳቸው አልነበረም።

መምህሩ እንደቆመ ሰማ። መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ሁሉም የሚናገረውን ሲጠብቅ፣ ከፊቱ የነበረውን የውሃ ማንቆርቆሪያ አንሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ባዶውን ሰማያዊ ኩባያ በገዛ እጁ ሞላው። ከዚያ በገዛ ቋንቋው፣ «ጋሼ፣ የእኔም መልስ ረጅም ውሃ የሚያስፈልገው ነበር። ግን ዛሬ የበቃዎት ይመስለኛል» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ኮሎኔሉ ነው። ገና ሳይተረጎምለት መሳቁን ያስተዋለው ከሳቀ በኋላ ነበር፤ ሊመልሰው አልቻለም፤ አዳራሹ ሁሉ አብሮት ሳቀ። መምህሩ ተመልሶ ተቀመጠ። አብረን እንፈትሽ አለ። ኮሎኔሉም እሺ አለ።

የስምምነቱ ቃል እየተነበበ፣ እየታረመ፣ እንደገና እየተነበበ ብዙ ሰዓት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል ፊታቸው ጭንቅ ጭንቅ ይል የነበረው ጋሽ ጎንጨት ብቻ ናቸው። አምባሳደሯ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ጋሽ ጎንጨትም በታላቅ ትሕትና፣ «የለም ክብርት ሆይ፤ ኩባያው ትልቅ ነበር» አሉ። አምባሳደሯ ወዲያው የሻይ ዕረፍት አወጁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ዕረፍት በአገሪቱ የዲፕሎማሲ ታሪክ እጅግ አስቸኳዩ ነው ይሉታል።

መኪናዎቹ በዚያው ሳምንት ድልድዩን ተሻገሩ። የኮሎኔሉ ሰዎችና የመምህሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሸራውን ገለጡ፤ ዱቄትና መድኃኒት እንጂ ሌላ አላገኙም። ቁስለኞች ወጡ፤ ነፍሰ ጡሮች ወጡ። ከወጡት ጋር ለመመለስ የፈለጉ የእርዳታ ሠራተኞችም እንዲመለሱ ተፈቀደ። እሜቴ የልጃቸውን ክፍል ጠርገው አንሶላ ቀየሩ፤ የተሰፋ ቀሚስም አልጋው ላይ ዘረጉ።

ቅዳሜ ስልኩ ተደወለ። ልጅቷ ድምፅዋ ታድሶ ነበር። ስለ ደረሰው መድኃኒት፣ በአዲስ ጓንት ስለተቀበለቻቸው መንታዎች ተናገረች። እናቷ ሁሉንም አሳልፈው፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» አሉ።

«እማዬ፣ እስከ አሁን እኮ ታስሬ ነበር። ሥራ የጀመርኩት ገና አሁን ነው።»

እሜቴ ስልኩን ለባላቸው አሳለፉ። አንዲት ቃል በልልኝ የሚል ዓይን ነበራቸው። ጋሽ ጎንጨትም ቃሉ በአፋቸው ሞልቶ ነበር። «ነይ» የሚል ቃል ነው። አባት ነኝና ልትታዘዢኝ ይገባል የሚልም ከኋላው ተሰልፎ ነበር። ሰማያዊው ኩባያ በመስኮቱ ላይ ነበር፤ አነሡትና ተጎነጩ። እሜቴ በዚህ ቤት አስተርጓሚ አያስፈልግም አላሉም።

«አባዬ?» አለች ልጅቷ። «ስትጠጣ ይሰማኛል።»

ጋሽ ጎንጨት ኩባያውን አስቀመጡ። ተናጋሪውም አስተርጓሚውም እሳቸው ነበሩና በልባቸው ራሳቸውን ጠየቁ፤ ይህን ልበል? ለራሳቸውም መለሱ።

«ጓንቱ ይበቃችኋል?» አሏት።

ልጅቷ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ «ይበቃናል አባዬ። ያኛውንም ሰምቼዋለሁ» አለች።

እሜቴ በዚያ ሳምንት አልጋው ላይ የዘረጉትን ቀሚስ አጥፈው በካርቶን አሽገው ከሁለተኛው ዙር መኪና ጋር ላኩት። ከድልድዩ ላይ አንዱ ፈታሽ ከዚህ ወገን፣ አንዱ ፈታሽ ከዚያ ወገን ሆነው ካርቶኑን ከፍተው አዩት፤ ቀሚስ መሆኑን ባዩ ጊዜ በጥንቃቄ አጥፈው መለሱት። ልጅቷም ለብሳው ፎቶ ተነሥታ ላከች። ፎቶው አሁን ከስፌት መኪናው በላይ ተለጥፏል፤ ኩባያውም ከሥሩ አለ።

አንደበታቸውን የጠበቀ አምላክ ጋሽ ጎንጨትን በጤና ያኑርልን፤ የእሜቴን እጅ ከስፌት፣ ቤታቸውን ከሳቅ አይለይ፤ ልጃቸውንም በሄደችበት ጠብቆ፣ ሥራዋን በሰላም ፈጽማ በወጣችበት በር እንድትገባ ያብቃት። አሜን።